ደሴት ከየብስ ምን ያህል ይርቃል?

በዓለም ላይ ከየብስ እጅግ የራቀው ደሴት የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ ካርታ ዘርግተን በማስመሪያ እንለካለን። በዚህ ዐይነት ሲለካ የሚገኘው በደቡብ አትላንቲክ ያለው ቡቬ ነው። በኖርዌይ ግዛት ሥር ያለው ይህ ደሴት በበረዶ የተሸፈነ ሲሆን፥ የሚቀርበው የብስ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው አንታርክቲካ ነው። ሰው ግን አይኖርበትም፤ ስለዚህ ራቀብኝ ብሎ የሚያማርር የለም።

ሰው ከሚኖርባቸው ሁሉ የራቀው ትሪስታን ዳ ኩኛ ነው። ከእርሱ እስከ ጎረቤቱ እስከ ሴንት ሄሌና 2,400፥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ደግሞ 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለው ከኬፕ ታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ያህል ያስጉዛል። በ1961 እ.ኤ.አ. እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነዋሪዎቹ በሙሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በዚያም ሥራና መጠለያ አገኙ፤ ነገር ግን በ1963 አብዛኞቹ ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። ለእነርሱ ሩቅ የሆነባቸው እንግሊዝ አገር ነበር ማለት ነው።

እኛስ? ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር ደሴት የለንም፤ ያሉን የሐይቅ ደሴቶች ናቸው። በጣና ውስጥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። ወንዱ በጀልባ ይደርሳል፤ ሴት ግን እንድትገባ የገዳሙ ሥርዐት አይፈቅድም። ስለዚህ ለእኅቶቻችን ዳጋ ከትሪስታን ይልቅ ይርቃል!

ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን የዝዋይ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ዐሥር ሜትር እንኳ አይሞላም። አምስት ደሴቶች አሉት፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ወይም ደብረ ጽዮን ይባላል። ከዳር እስከ እርሱ ያለው ውሃ 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ ከመመለስ ብዙ አይለይም። የደሴቱ ሰዎች ትውፊት እንደሚለው፥ ዮዲት ጉዲት በአክሱም ላይ በተነሣች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ። የታቦቱ ነገር እንደ ትውፊት ይቆይና፥ የብራና መጻሕፍቱ በደሴቱ ሲጠበቁ ኖረዋል፤ ሕዝቡም ዛይኛ የተባለውን ቋንቋ ይናገራል። ዛይኛ የሐረሪኛና የስልጥኛ ዘመድ ሲሆን፥ በዳር ያለው ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ያ ጥቂት ውሃ አንድን ቋንቋ ለብዙ ዘመን አጥሮ ያኖረ ነውና በማስመሪያ ቢለካ ምን ይጠቅማል?

አሁን ግን አጥሩ ላልቷል። የሞተር ጀልባ መጣ፤ ገበያውና ሥራው በዳር ነው፤ ብዙ ዛዮችም ከደሴት ወጥተው በዳር ሰፍረዋል። ይህ ለኑሯቸው መልካም ነው፤ ማንም ሰው ለቋንቋ ሲባል በደሴት ታስሮ ይኑር አንልም። ሆኖም የተናጋሪው ቍጥር ጥቂት ሺሕ ነው፤ ወጣቱም ወደ ኦሮምኛና ወደ ዐማርኛ እያዘነበለ ሄዷል። ከጉለሌ እስከ ባቱ ከተማ፥ ማለት እስከ ቀድሞዋ ዝዋይ፥ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቋንቋ የምናጠና ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ድምፅ መቅረጫ ይዘን ብንወርድ፥ የሚያወጉን ሽማግሌዎች ገና አሉ።