የድንጋይ አጥርና የነጋዴው ድርሻ

ማርና ቅቤ፤ ገብስና ድንች፤ ቆዳና ሌጦ ለመግዛት ወደ ጋይንት፤ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚመለከተው የዕቃውን ክብደትና የዕለቱን ዋጋ ነው። ዳሩ ግን ጆንያው ከመሞላቱ በፊት መታሰብ የሚገባው ሌላ ሒሳብ አለ፤ ይኸውም ምርቱን የሚያበቅለው የአፈርና የውሃ ሒሳብ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ይህን ሀብት ለማዳን የሚያደርገውን ጥረትና ጉዳዩ ነጋዴውን የሚነካበትን ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እንገልጻለን።

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የአካባቢው የውሃ ጎተራ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚሁ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ደግሞ ወደ በሽሎ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ደኑ ተመንጥሮ ቁልቁለቱ በመታረሱ ክረምት በገባ ቍጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ ቦረቦሩም ማሳውን ይከፍለዋል። ላይ ጋይንት፤ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው የጉዳቱን መጠን ያስረዳል። ገበሬው የሚሸጠው ሲያጣ ነጋዴውም የሚገዛውንም ሆነ የሚሸጥለትን እንደሚያጣ ግልጽ ነው።

በዚህ በተራቈተ አገር መካከል ጥድ፤ ወይራ፤ ዝግባና ኮሶ ሳይቈረጡ የቆዩት በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ባወጡት ጥናት፤ በድምሩ 500 ሄክታር ያህል በሆነው ደን ውስጥ 168 ዐይነት እንጨታማ ዕፅዋት መኖራቸውን ገልጸዋል። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ሌላው ጥናታቸው ደግሞ አደጋው ከምሣር ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ያሳያል። ከብት በሚገባበት ደን ችግኙ ይጋጣል፤ ይረገጣል፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅም ተተኪ አይኖረውም። ከብት እንዳይገባበት በታጠረው ሥፍራ ግን ዘሩ በቅሎ ችግኙ ያድጋል።

መድኃኒቱም ከዚሁ ከአካባቢው የተገኘ ነው። በየማሳው ተበትኖ ማረሻ የሚያሰናክለውን ድንጋይ ካህናቱና ምእመናኑ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ይክባሉ። በዚህ ዐይነት ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፤ ደኑም ከከብት ይጠበቃል። አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከዶክተር ዓለማየሁ ጋር በመተባበር ለዚህ ሥራ ከውጭ አገር እርዳታ አሰባስበዋል፤ ሆኖም ድንጋዩን የሚሸከመውና ካቡን የሚጠብቀው የአጥቢያው ሕዝብ ነው።

ከአብያተ ክርስቲያናቱ ውጭም ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ በበጋው ወራት ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ ቦረቦሩን በክትር ያግዳል፤ የተራቈተውንም ኮረብታ ከግጦሽ ይከልላል። ጅብራና ጓሳ የሚበቅልበት የጉና ራስም በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ተከልሏል። ነገር ግን መከለል ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ከኮረብታው በቀር ከብቱን የሚያሰማራበት የሌለው ሰው፤ ሌላው ለወደፊት ጥቅም ሲያስብ እርሱ ዛሬውኑ ይጐዳል። ስለዚህ በተከለለው ሥፍራ የበቀለው ሣር እየታጨደ በትክክል ሲከፋፈል፤ ቀፎም ሲሰቀልበት ስምምነቱ ይጸናል። እንዲህ ካልሆነ በቀን የተካበው ካብ በሌሊት ይፈርሳል።

የነጋዴው ድርሻ እዚህ ላይ ይታያል። ከየት እንደ ተቈረጠ ሳይጠይቅ የወይራ ከሰልና የዝግባ ሳንቃ የሚገዛ ሰው፤ ምሣር ባያነሣም የቈራጩ ተባባሪ ነው። በገበሬው የግል መሬት የተተከለው ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ ሲሸጥ የአገሩን ዛፍ ከምሣር ያተርፋል፤ ይሁን እንጂ ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ ከምንጭ አጠገብ እንዳይተከል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከተከለለው ኮረብታ የሚወርደውን ማር በተገቢ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴም ለጠባቂው ደመወዝ እንደ ከፈለ ይቈጠራል።

ጥሩ ነጋዴ ትርፉን እንጂ ዋናውን አይበላም። የደጋው አፈርና ምንጭ ገበሬውና ነጋዴው በጋራ የሚነግዱበት ዋና ገንዘብ ስለሆነ፤ ገበሬው በድንጋይ የጀመረውን አጥር ነጋዴውም በሚዛኑ ሊያጸናው ይገባል።