ዱካ የሚከተል ውሻ፦ ተረትና እውነታ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በሬ ሲሰረቅ መንደርተኛው ግር ብሎ በረቱን ይረግጠዋል፤ ከዚያ «ውሻው ምን ይሠራል?» እያለ ይወቅሳል። የሌባውን ጠረን ያጠፋነው ግን እኛው ነን።

ጥሩ ውሻ ማለት ክፉ ውሻ ነው የሚል እምነት አለ። ጆሮው የሚቆረጠው፣ ጨለማ ውስጥ ታስሮ የሚያድገውም ለዚሁ ነው። ቁጣ አጥር ለመጠበቅ ይጠቅም ይሆናል፤ ለዱካ አይረባም። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰውና ከብት ካልለመደ ሲያድግ ድንጉጥ ይሆናል፤ ድንጉጥ ውሻ ደግሞ ልብ ብሎ አያሸትም።

«የፈረንጅ ዘር ካልሆነ አይሆንም» የሚሉም አሉ። ብለድሃውንድ ለዱካ ተመርጦ የተራባ ዘር መሆኑ እውነት ነው፤ የአገራችን ውሻም አፍንጫ አያንሰውም። ስታራቡ አንገታቸውን ደፍተው የሚያነፈንፉ እናትና አባት ምረጡ። ሴቷ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ ቡችሎቹን ከ8 ሳምንት በፊት አትለዩአቸው። ከዚያ ቁራሽ ሥጋ ሣር ውስጥ ጣሉና ፍለጋውን ቶሎ የማይተወውን ያዙ።

ሥልጠናው ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ልጅ ቡችላው እያየው ሮጦ በቆሎ ውስጥ ይደበቃል፤ ቡችላው አሽትቶ ሲያገኘው ሥጋ ይሰጠዋል። ቀስ በቀስ ርቀቱ ይጨምራል፣ መታጠፊያ ይገባበታል፣ ዱካውም ግማሽ ሰዓት፣ ኋላም ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲቆይ ይደረጋል። ያዡ በረጅም ገመድ ከኋላ ይከተላል እንጂ አይመራም። ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ማዘዝ እንወዳለንና።

በርበሬ ከተነሰነሰ ውሻ ዱካ ያጣል ይባላል። በርበሬ አብቃዩ ቡሬ ላይ ይህ ቢወራ አይገርምም። አፍንጫውን ለጊዜው ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሌባው ግን እስከ ወምበርማ ድረስ እየነሰነሰ አይሄድም። ያዡ ውሻውን ዞር አድርጎ ከፊት ያለውን ዱካ ያስይዘዋል። ወንዝም ቢሆን ፈጠምን የተሻገረ ሰው ማዶ መውጣቱ አይቀርም፤ ዱካውም ከዚያ ይያዛል። ይልቅ ጠረን የሚያጠፋው የቀትር ፀሐይና ነፋስ ነው፤ ጤዛ ያለበት ማለዳ ይሻላል።

አደገኛው ተረት ውሻ አይሳሳትም የሚለው ነው። ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ሌባ የመፈለጊያ ልማድ ነበር፤ መድኃኒት ያጠጡት ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ውሻንም እንዲህ የሚያምኑት አሉ። ውሻ የሚናገረው ጠረኑ እዚህ ደርሷል ብቻ ነው፤ ማን እንደሰረቀ አያውቅም። ስለዚህ ውሻችሁ የሰው ደጅ ላይ ቢቆም ለፖሊስ ንገሩ፤ እጃችሁን አታንሱ።