የጭላዳ እናቶች ማዕረግ

ከቦሌ ቡልቡላ ማልዶ ተነስቶ በሱሉልታ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ የወጣ ሰው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ሲነጩ የሚውሉ ጭላዳዎችን ያገኛል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ አገር የለውም። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጎፈሩን በነሰነሰው አውራ ላይ ነው፤ ቤቱን አጽንተው የያዙት ግን ሴቶቹ ናቸው።

አንድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አውራ፣ እስከ 12 የሚደርሱ ሴቶችና ልጆቻቸው ይኖሩበታል። አውራው ጥቂት ዓመት ገዝቶ በሌላ ጎረምሳ ይነቀላል። ሴት ልጅ ግን ከተወለደችበት ቤት አትወጣም፤ ከእናቷ፣ ከእህቷና ከአክስቷ ጋር ታረጃለች። በመካከላቸውም የበላይና የበታች አለ። የበላይዋ ስትጠጋ የበታቿ ቦታ ትለቃለች። ካልለቀቀች የበላይዋ ቅንድቧን ሽቅብ ስባ ነጣ ያለውን የዓይኗን ሽፋን ታሳያታለች፤ ቁጣ ነው።

ተመራማሪው ሮቢን ደንባርና ባለቤታቸው ፓትሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስሜን ተራሮች ላይ እነዚህን ቤተሰቦች ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ማዕረጓ ዝቅ ያለ ሴት የምትወልደውም ያነሰ መሆኑን ጻፉ። ሣሩ ለሁሉም የተዘረጋ ስለሆነ ምክንያቱን በረሃብ አላሳበቡም። በእነሱ ማብራሪያ፣ እያንዳንዱ ግፊያ ቀላል ቢሆንም በየቀኑ ሲደጋገም ጭንቀት ይሆናል፤ ጭንቀቱም እንቁላል እንዲወጣ የሚያዝዙትን ሆርሞኖች ያውካል። ጭላዳ ቁጭ ብላ ስለምትግጥ የመፀነሻዋ ምልክት ደረቷ ላይ ነው፤ ቀዩን ገላ የከበቡት ዶቃ የመሰሉ ፍሬዎች ያብጣሉ። የበታቿ ግን ይህ ምልክት ደጋግሞ ቢመላለስባትም ቶሎ አትፀንስም።

መከታዋ ዘመድ ነው። አንዷ የሌላዋን ጠጉር እየፈተሸች የምታሳልፈው ሰዓት ወዳጅነትን ያጠብቃል፤ ጠብ ሲነሳ እናት ለልጇ፣ እህት ለእህቷ ትደርሳለች።

ማዕረግ ብቻውን ግን ሁሉን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳይንስ መጽሔት የወጣ የስሜን ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ አውራ ቤቱን ሲይዝ ከእርጉዞቹ 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው ይቋረጣል። አዲሱ አውራ ጡት ያልጣሉ ግልገሎችን የሚገድልበትም ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ የታወቀው ተመራማሪዎች እያንዳንዷን ሴት በመልኳ ለይተው ዓመታት ስለተከታተሉ ነው። ለዚህ መንጋው በሰላም የሚግጥበት ደጋ ያስፈልጋል። የመንዝ ሕዝብ ጓሳ የተባለውን ደጋ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ለሣሩ ብሎ ነበር፤ በዚያው ጥበቃ ጭላዳዎቹም ከነዝምድናቸው ቆይተውልናል። ሊጎበኛቸው የሚሄድ ሰው ምግብ አይወርውርላቸው፤ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ማን ለማን ቦታ እንደምትለቅ፣ ማን ከማን ጎን እንደምትቆም ይመልከት።