ጽንሱ ሲቀጭጭ እንግዴ ልጁን ማየት

«የጽንሱ ክብደት አነስተኛ ነው» የሚል ወረቀት ይዛ ከአልትራሳውንድ ክፍል የምትወጣ ነፍሰ ጡር መጀመሪያ የምታስበው ምግቧን ነው። ጎረቤቱም «በደንብ ብዪ እንጂ» ይላታል። መብላቱ ደግ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ምግብና ኦክስጅንን ከእናት ወደ ልጅ በሚያሻግረው በእንግዴ ልጁ ላይ ነው። እንግዴ ልጁ ካልታየ ምርመራው ግማሽ ነው።

በጅቡቲ ከተማ ይህ ጉዳይ በተለይ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2012 አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በቤት ውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ የከተማ የወባ ትንኝ እዚያ ተገኘች። በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የአገሪቱ የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2020 ከ73,000 አለፈ። የወባ ተሕዋስ ደግሞ እንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ የጽንሱን እድገት ይገታል። በየቀኑ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫትም አለ፤ በእርጉዝ እንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ጫት ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውን ደም ሲቀንስ ታይቷል። እርጉዝ ሆና መቃም ጨርሶ አይገባም።

መርማሪው ጄል ቀብቶ መሣሪያውን ሆድ ላይ ሲያንሸራትት በመጀመሪያ እንግዴ ልጁ የተጣበቀበትን ቦታና ውፍረቱን ያያል፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ምክንያቱን ይፈልጋል። ነጫጭ የካልሲየም ነጠብጣቦችም ይታያሉ፤ መጠናቸው በግሬድ ይገለጻል። መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ወረቀቷ ላይ «ግሬድ 3» ተጽፎ ብታይ ልትደነግጥ አይገባም፣ በዚያ ጊዜ የተለመደ ነው። ከ32 ሳምንት በፊት ከታየ ግን ክትትል ይሻል።

ዋናው ነገር ዶፕለር ነው፤ የደም ፍሰትን የሚለካው የአልትራሳውንድ ስልት። እትብት ውስጥ ከጽንሱ ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚወስዱ ሁለት ደም ቅዳዎች አሉ። ፍሰታቸው ስክሪኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሳላል፤ የጽንሱ ልብ ሲመታ ይወጣል፣ ልቡ ሲያርፍ ይወርዳል። በጤናማ እንግዴ ልጅ ልብ ባረፈበት ቅጽበት እንኳ ደም ስለማይቆም ሥዕሉ ከታችኛው መስመር ጋር አይገናኝም። የእንግዴ ልጁ ደም ሥሮች ሲጎዱ ግን በሁለት ምት መካከል ፍሰቱ ይቆማል፤ ሲብስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍሰቱ ከቆመ ብዙውን ጊዜ እስከ 34ኛው ሳምንት፣ ከተመለሰ ደግሞ እስከ 32ኛው ሳምንት ድረስ ልጁ እንዲወለድ ይወሰናል። በመካከሉ የልብ ምቱና የእንሽርት ውሃው በቅርብ ይታያሉ።

ከ32 ሳምንት በኋላ በሚጀምር መቀጨጭ የእትብቱ ፍሰት ደህና መስሎ ሊያሳስት ስለሚችል የጽንሱ የአንጎል ደም ቅዳም ይለካል። ጽንሱ ሲቸገር ያለውን ደም ወደ አንጎሉ ያዞራል፤ ገና ሳይወለድ ራሱን ለማትረፍ የሚያደርገው ይህ ጥረት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ፍሰቱ ሁሉ ደህና ሆኖ እድገቱ በራሱ መስመር ከቀጠለ ልጁ በተፈጥሮው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ወላጆቹም አጫጭር ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ግን የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ካልታወቀ ብዙ አይረባም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ የሚመክረው አንዱ ለዚህ ነው፤ ዘግይቶ የተነሣ ዕድሜን በእርግጠኝነት አይናገርም። ጅቡቲ ያለሽ እህቴ፣ ፔልቲየር ሆስፒታልም ሂጂ ዳር ኤል ሃናን፣ ምርመራው እዚያ ኤኮግራፊ ይባላል፤ ቀደም ብለሽ ተነሺ፣ ወረቀቱንም አትጣዪ። የመጨረሻ የወር አበባሽን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከያዝሽው ወደ ፈረንጁ ቀይረሽ ንገሪያቸው። ልጁ ትንሽ ነው ካሉሽ «የደም ፍሰቱስ በዶፕለር ታየ?» ብለሽ ጠይቂ። እንቅስቃሴው ከቀነሰብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ዕለት ሂጂ።