የቀኙ ወንበር መምህር

አርሲ፣ ጎበሳ ውስጥ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል አድጎ አብራሪ ለመሆን የሚመኝ ልጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ትምህርት ቤቱ እንዴት ልግባ?» ብሎ ነው። «የሚያስተምረኝስ ማን ነው?» የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ግን ወደፊት የተራመደውም ሆነ የተደናቀፈው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው አውሮፕላን በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲያርፍ ይዞት የመጣው ፈረንሳዊ አብራሪ ነበር። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በውጭ መምህራን ሰልጥነው ፈቃድ አገኙ። ሙሉእመቤት እምሩም መብረር ጀምራ ነበር፤ ስልጠናዋን የጣሊያን ወረራ አቋረጠው። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. መጥቶ ትንሹን የአየር ኃይል መራ። ከድል በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶችን ማሰልጠን ያዘ፤ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የአየር ኃይሉን ስልጠና አደራጀ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሰጠው ስልጠና መነሻው ይኸው ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመሆን የበቁትም በዚሁ ትምህርት ቤት ተምረው ነው።

ደጋው የሚፈትነው

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 18 ዓመት፣ አንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራና 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። በጸደቀ የተሟላ ስልጠና ለሚያልፍ ሰዓቱ ወደ 150 ዝቅ ይላል። በዓለም አቀፍ መስመር ለሚበር የእንግሊዝኛ ችሎታው ከአራተኛ ደረጃ ማነስ የለበትም። ስለዚህ የጎበሳው ተማሪ ዝግጅት አውሮፕላን ከማየቱ በፊት በፊዚክስ፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ይጀምራል። የአየር ጠባይ፣ የአቅጣጫ ስሌት፣ የአየር ሕግና የሞተር ትምህርት የሚቆሙት በእነዚህ ላይ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ከፍታው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አሰላ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦቻርጀር የሌለው የሴስና 172 ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አውሮፕላኑ በ3,000 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይደክማል። ፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር እያሳየ፣ በመሬት ላይ ያለው እውነተኛ ፍጥነት ግን ይበልጣል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ይህን ሰሌዳ ላይ ማስላት አንድ ነገር ነው። አውሮፕላኑ አልነሳ ሲል አፍንጫውን በግድ ቀና ለማድረግ የሚቸኩለውን የተማሪ እጅ በጊዜ መግታት ሌላ ነው። ለዚህ ነው በቀኙ ወንበር መምህር የሚቀመጠው።

ማብረርና ማስተማር

ጥሩ አብራሪ ሁሉ ጥሩ መምህር አይሆንም። ደንቡም ይህን ያውቃል፤ የመምህርነት ፈቃድ የሚሻ ሰው የንግድ አብራሪነት እውቀትና ልምድ ከማሟላቱ ሌላ የማስተማር ዘዴን፣ የተማሪን ስህተት መለየትና ማረምን በሌላ መምህር ክትትል መለማመድ አለበት። ከባዱ ትዕግሥቱ ነው፤ ተማሪው እንዲሳሳት እስከ ምን ድረስ ልተወው? መሪውንስ መቼ ልረከበው?

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ከደረሰው የኮልገን ኤር አደጋ ወዲህ ረዳት አብራሪም በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ስለሚጠየቅ፣ ብዙ ወጣቶች ሰዓቱን የሚሞሉት በማስተማር ነው። እኛ ዘንድ ምሩቁ ያን ያህል ሰዓት ሳይጠብቅ ወደ አየር መንገድ ረዳት አብራሪነት ሊገባ ይችላል። ማስተማር መሸጋገሪያ አይደለም፤ ስለዚህ መምህርነትን ወድዶ የሚመርጠው ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። የሙያ እድገት፣ ተመጣጣኝ ክፍያና ክብር ካልተሰጠው ጥሩው መምህር ወደ ትልቁ አውሮፕላን ይሄዳል።

የአርሲ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቆጂ ሯጮቹን ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በደጋ አየሯ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከፍታ ያለው ከተማ ሁሉ ሻምፒዮን ባበቀለ ነበር። እነዚያን ልጆች ገና በጠዋቱ ያሰለጠናቸው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበር። የበረራ ትምህርት ቤቶቻችንም ከምሩቃኑ ቁጥር እኩል የመምህራኑን ቁጥርና ዕድሜ ይቁጠሩ፤ የማስተማር ተሰጥኦ ያለውን ምሩቅ ገና ተማሪ ሳለ ይለዩት። የጎበሳው ልጅም ካፒቴን የመሆን ምኞቱን ይያዝ፤ አስተማሪ መሆንንም ከምኞቱ ዝርዝር አያውጣው።