«ጨጓራዬን ነው» ከማለታችን በፊት፦ ለሆድ የሚስማማ አመጋገብ


ሆዱ የተነፋ፣ ደረቱን የሚያቃጥለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰገራ አልወጣ ያለው ሰው ሁሉ በእኛ ዘንድ «ጨጓራዬን ነው» ይላል። ከዚያም በርበሬ ይተዋል፣ ወተት ያበዛል፣ ከጎረቤት ያገኘውን ክኒን ይውጣል። ይሁንና የእነዚህ ሕመሞች ምክንያት የተለያየ ሲሆን መፍትሔያቸውም እንደዚያው ነው። በርበሬም ብዙውን ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው የሚከሰሰው።

በቅድሚያ ስለ ድርቀት እንነጋገር። በጎንደር ገጠር እንጀራ እንደየአካባቢው ከጤፍ፣ ከማሽላ፣ ከዳጉሳ ወይም ከገብስ የሚጋገር ሲሆን፣ እህሉም ከነልጣጩ ይፈጭ ነበር። የጤፍ ፍሬማ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ልላጥህ ቢሉትም አይላጥም። በልጣጩ ውስጥ ያለው አሰር፣ በዕብራይስጥ «ሲቪም» የሚባለው፣ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፍና ውኃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል። በዘመቻ ሙሴ (1984-85) እና በዘመቻ ሰሎሞን (1991) ወደዚህ አገር ሲመጣ ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ ብዙ እናቶች በነጭ ዱቄት፣ በተለይም «ቄማሕ ቶፌያሕ» በሚባለው መጋገር ጀመሩ። መልኩ ያምራል፤ ዓይኑም ይወጣል። አሰሩ ግን አብዛኛው ወፍጮ ቤት ቀርቷል። የነጭ ዱቄት እንጀራ የደም ስኳርንም ቶሎ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ስኳር ላለባቸው ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ጤፍ ብቻውን መጋገር ለብዙ ቤተሰብ ውድ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከነጩ ዱቄት አንድ ሦስተኛውን በጤፍ፣ በማሽላ ወይም «ቄማሕ ማሌ» በሚባለው ያልተላጠ የስንዴ ዱቄት ተክቶ መጀመር፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም መጠኑን መጨመር ይቻላል። በአንድ ጊዜ መለወጥ ግን አይመከርም፤ አንጀት ያልለመደው አሰር ሲበዛበት ይነፋል። አንድ አዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ያስፈልገዋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን (ባይገኝ ማንጎልድ) በየቀኑ ከገበታ ካልጠፉ ይህን መጠን ማግኘት አያስቸግርም። ባቄላና ሽምብራ የሚነፋው ሰው ማታ ዘፍዝፎ፣ ጠዋት ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ ቢቀቅል ይቀልለዋል።

ተልባን አንርሳ። ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ የሚበጠበጠው ተልባ የአያቶቻችን የድርቀት መድኃኒት ነው፤ የዛሬዎቹ የምግብ ባለሙያዎችም ይመክሩታል። ነገር ግን ውኃ ስቦ ስለሚያብጥ በብዙ ውኃ መጠጣት ይኖርበታል። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ቢያራርቁ መልካም ነው። ውኃ ስንል ደግሞ ውኃ ማለታችን ነው። ኮላና በስኳር የተበጠበጠ «ፔቴል» ውኃን አይተኩም፤ ስኳር የበዛበት ሦስት ሲኒ ቡናም እንዲሁ።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። በአገር ቤት ሰው ቁጢጥ ብሎ ነበር የሚጸዳዳው፤ አንጀትም በዚህ አቀማመጥ ይቀናል። እዚህ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ሲቀመጡ ከእግር ሥር ትንሽ በርጩማ ማድረግ ብዙ ሽማግሌዎችን ይረዳል። ከቁርስ በኋላ አንጀት ራሱ ስለሚነቃ ያን ሰዓት በችኮላ አያሳልፉት። የካርሜል ዳገትና ደረጃ ጉልበት ቢያደክምም፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ ለአንጀት ያግዛል።

ወደ ቃር ስንመጣ ዋናው ጉዳይ ቅባትና ሰዓት ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ከሥራ አምሽቶ ገብቶ፣ ዘይት የዋኘበት ወጥ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው አሲዱ ወደ ጉሮሮው ቢመለስ አያስደንቅም። እራትን አሳንሶ፣ ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት መብላት፣ በግራ ጎን መተኛት ይጠቅማል። በርበሬ ቁስሉን አያመጣም፤ የሚያቃጥለው ሰው ካለ ግን መጠኑን ይቀንስ። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፣ በኋላ ግን አሲዱን መልሶ ያስነሳል። ወተት ለሚነፋው ሰው እርጎ ይሻለዋል።

የሰግድና የአስተስርዮ ጾም ሲፈታም ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ቀድሞ ውኃ፣ ቀጥሎ ሾርባ ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዶሮ ወጡ ይከተል። ስኳር ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከጾሙ በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

እውነተኛው የጨጓራ ቁስል በአብዛኛው የሚመጣው ሔሊኮባክተር ፒሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ወይም እንደ አስፒሪንና ኑሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ከማዘውተር ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን የሚያምነው ሰው ቢያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ባክቴሪያው ከኢትዮጵያ በመጣን ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይይዛል። በቁፓት ሖሊም በትንፋሽ ይመረመራል። ለምርመራው የአሲድ መቀነሻ ክኒን ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ ይህንንም ሐኪምዎን ጠይቀው ያድርጉት። ሕክምናው ብዙ ክኒን ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን የሚወስድ ነው። ሕመሙ ሲቀልል በአምስተኛው ቀን ማቋረጥ ባክቴሪያውን መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል።

አመጋገብ የማይፈታው ነገርም አለ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (የብረት ክኒንም ሊያጠቁረው ይችላል)፣ ደም ከታየ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ምግብ ሲውጡ ከተናነቀ ተልባ በጥብጦ መጠበቅ አይገባም። ትውከት ከነደም ከሆነ ወይም ሰገራው ጠቁሮ ራስ የሚያዞር ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከ50 እስከ 74 ዓመት ያለ ሰው ደግሞ ምንም ባያመውም «ዳም ሳሙይ» የሚባለውን የሰገራ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ ከቁፓት ሖሊም ያገኛል። ዕቃውን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ቃሉን ይምረጡ። በአማርኛ ሆድ የኀዘንም ማደሪያ ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚለው ቃል በቃል ከተተረጎመ ሐኪሙ አንጀት ይመረምራል፤ «ልቤን ያቃጥለኛል» ካሉት ደግሞ ወደ ልብ ምርመራ ይልክዎታል። በጣትዎ ቦታውን ያሳዩ፤ ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለውን ይንገሩ። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ ስለ ሰገራ በልጅ ፊት ማውራት ስለሚያሳፍር ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎቱን እንዲያመቻቹ ታዘዋልና፣ ቶር ሲያስይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለው ቀድመው ይናገሩ።