አንድ ሞገድ በሦስት ቋንቋ፦ የድሬዳዋ ሬዲዮና የአየር ሰዓት ገበያ

የሬዲዮ ጣቢያ ለገበያ የሚያቀርበው ዋና ሸቀጥ የአየር ሰዓት ነው፤ ይኸውም ጣቢያው በተፈቀደለት ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያስተላልፍበት፣ ሳይሸጥ ካለፈ ተከማችቶ ለነገ የማይቆይ ጊዜ ነው። አድማጩ አንድ ቋንቋ በሚናገርበት ከተማ ይህ ሸቀጥ የሚከፋፈለው በዜና፣ በሙዚቃ፣ በስፖርትና በማስታወቂያ መካከል ሲሆን፣ አድማጩ በሦስት ቋንቋ በሚገበያይበት ከተማ ግን የትኛው ሰዓት ለየትኛው ቋንቋ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ጥያቄው የመብት መስሎ ቢነሳም መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ሰዓቱን ማን ይከፍልበታል በሚለው ነው፤ ድሬዳዋ ይህን ለማየት ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የምትመች ናት።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ ነው። ከዚያ ጀምሮ በባቡር ኩባንያው ቢሮ ፈረንሳይኛ፣ በየመናውያን ሱቅ ዐረብኛ፣ በገበያውና በሰፈሩ ደግሞ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ሲነገሩ ኖረዋል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደርን ነዋሪ 341,834 አድርጎ ሲመዘግብ ከእነዚህ ውስጥ ኦሮሞዎች 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌዎች 24 በመቶ፣ አማሮች ደግሞ 20 በመቶ ያህል ነበሩ። ይህ አኃዝ የብሔር እንጂ የጆሮ ቆጠራ አይደለም። በቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት ከአንዱ ደንበኛ ጋር በሶማሊኛ ተከራክራ፣ ለሌላው በአፋን ኦሮሞ መልስ ሰጥታ፣ ሒሳቡን በአማርኛ ብትደምር የሚገርመው እንግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ የስርጭት ሰዓትን በቆጠራ መቶኛ ማካፈል ለአስተዳደር ሰነድ ቢመችም፣ ማን ምን እንደሚያዳምጥ ለማወቅ እምብዛም አይረዳም።

ከተማዋ የራሷ ጣቢያ ሳይኖራት በፊት የአካባቢው ሕዝብ የሰማው ሬዲዮ ሁሉ ከሌላ ቦታ የሚመጣ፣ ወጪውም በማስታወቂያ ሳይሆን በመንግሥታት ወይም በሃይማኖት ድርጅቶች የሚሸፈን ነበር። በጥር 1927 ዓ.ም. በአቃቂ የተመረቀው የኢትዮጵያ ሬዲዮ በጣሊያን ወረራ ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ እንደገና ሲቋቋም ቀስ በቀስ ሶማሊኛንና ሌሎች ቋንቋዎችን ጨምሯል፤ ይህም የሆነው ጎረቤት አገሮች ድንበር አሻግረው የሚያስተላልፉትን ቅስቀሳ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ስለማይቻል ነበር። ከሞቃዲሾ የሚመጣው ድምፅ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ የሚናገረው የጅቡቲ ሬዲዮ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው የቢቢሲ የሶማሊኛ ክፍል፣ እንዲሁም በየካቲት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ የተወረሰው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ሁሉም የሚያሰራጩበትን ቋንቋ የመረጡት ማስታወቂያ ሰጪ ጠይቋቸው አልነበረም። አፋን ኦሮሞ በአካባቢው ሰፊ ተናጋሪ እያለው በአገር ውስጥ ሬዲዮ ቦታ ያገኘው ዘግይቶ መሆኑም የዚሁ ሥርዓት ውጤት ነው፤ ከፋዩ መንግሥት እስከሆነ ድረስ ቋንቋውን የሚመርጠውም መንግሥት ነበርና።

ይህን ሁኔታ የለወጠው አንዱ ነገር የሞገዱ ዓይነት ነው። የቀድሞዎቹ ጣቢያዎች የተጠቀሙበት አጭርና መካከለኛ ሞገድ በተለይ በሌሊት ከከባቢ አየር የላይኛው ንብርብር እየነጠረ ድንበር ሲሻገር፣ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠራው ኤፍ ኤም ግን በአመዛኙ እንደ ዕይታ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ሲገጥመው ይዳከማል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ድሬዳዋ ከደንገጎ ዳገት ሥር የተኛች ቆላ ስለሆነች፣ በከተማዋ ጥርት ብሎ የሚሰማ ኤፍ ኤም ከደጋው ማዶ ላይሰማ ይችላል። ይህ ለፖለቲከኛ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ለነጋዴ ግን ሀብት ነው፤ በከተማዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጅግጅጋ ላለ አድማጭ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።

ድሬ ኤፍ ኤም 106.1 በዚህ ዓይነት ሞገድ ላይ የሚሠራ የከተማ አስተዳደሩ ጣቢያ ሲሆን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ያሰራጫል። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 2013 ዓ.ም. ይሠራ የነበረው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ሲከፍል፣ የሕዝብ የሚባለው በመንግሥት በጀት የሚተዳደርና ለሕዝብ አገልግሎት የቆመው ነበር፤ እንዲህ ያለው ጣቢያ በጀቱን በማስታወቂያና በስፖንሰር ገቢ ይደጉማል። ሦስት ቋንቋ በአንድ ሞገድ ሲጓዝ ግን ከባዱ ችግር የሚፈጠረው በቋንቋዎቹ መለዋወጫ ደቂቃ ላይ ነው። ሶማሊኛ ብቻ የሚያውቅ አድማጭ የአማርኛው ሰዓት ሲገባ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዞራል፤ አንዴ ከዞረ ደግሞ በሰዓቱ ላይመለስ ይችላል። አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት የሚቀናቸው በሙዚቃ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ በዚህ ረገድ ታድላለች፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ የተመሠረተው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ያፈራው፣ እዚያው ድሬዳዋ ተወልዶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ የዘፈነ ሰው ነበርና የእሱ ሥራ ሲከፈት ጣቢያ የሚቀይር አድማጭ ጥቂት ነው።

የንግዱን ውስጠኛ አሠራር ለመረዳት «ተባባሪ አዘጋጅ» የሚባለውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ተባባሪ አዘጋጅ የጣቢያው ደመወዝተኛ ያልሆነ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት የአየር ሰዓት በውል የሚገዛ፣ በገዛው ሰዓት የራሱን ፕሮግራም የሚያቀርብና ወጪውን ከስፖንሰር የሚመልስ ባለሙያ ነው። ስፖንሰር ፕሮግራሙን በሙሉ ወይም በከፊል የሚደግፍ ድርጅት ሲሆን ስሙ በመግቢያና በመውጫ ይጠራል፤ ከዚህ በተጨማሪ ስፖት የሚባለው፣ በድምፅና በሙዚቃ ተቀናብሮ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጠው ማስታወቂያ በየመሀሉ ይገባል፤ አዘጋጁ ራሱ በቀጥታ የሚያነበውም አለ። ሕጉ ለማስታወቂያ የሚውለውን ጊዜ ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ስለሚገድብ፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ ለገበያ የሚቀርበው 12 ደቂቃ ብቻ ነው። ተባባሪ አዘጋጁ ለጣቢያው የሚከፍለውን፣ የቴክኒሻኑን፣ የትራንስፖርቱንና የራሱን እንጀራ የሚያወጣው ከእነዚህ 12 ደቂቃዎች ነው፤ ያውም ሁሉም ከተሸጡለት። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጦችን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወግድ በመላ አገሪቱ በርካታ የስፖርትና የመዝናኛ ፕሮግራሞች የተናጉት ትልቁ ስፖንሰራቸው ቢራ ስለነበረ ነው። ሕጉ ለጤና ተገቢ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን የቢራውን ቦታ ወዲያው የሚተካ ከፋይ አለመኖሩ የዚህ ገበያ መሠረት ምን ያህል ስስ እንደሆነ አጋልጧል።

ሰዓት ገዝቶ በራስ ቋንቋ ማሰራጨት የኢትዮጵያ ፈጠራ አይደለም። ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት የስፓኒሽ ቋንቋ ሬዲዮ የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የእንግሊዝኛ ጣቢያዎች ማንም የማይፈልገውን የንጋት ሰዓት ለስፓኒሽ ተናጋሪ ደላሎች ይሸጡ ነበር፤ በሎስ አንጀለስ ፔድሮ ጎንዛሌዝ የተባለው ሙዚቀኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ያሰራጨው ፕሮግራም ጎህ ሳይቀድ ለሥራ የሚነሱ ሜክሲኳውያን ሠራተኞችን አድማጭ አድርጎ ስላገኘ ለባለጣቢያው ዋጋ ቢስ የነበረው ሰዓት ዋጋ አወጣ። ራኡል ኮርቴዝ እ.ኤ.አ. በ1946 በሳን አንቶኒዮ ከተማ ኬ ሲ ኦ አር የተባለውን ጣቢያ ሲከፍት ከሰዓት ገዢነት ወደ ጣቢያ ባለቤትነት የተደረገው ሽግግር ተጀመረ። የአድማጭ ልኬት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አከራካሪ ነበር፤ አርቢትሮን የተባለው የልኬት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 አድማጩ ይዞት የሚዞር የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ በስፋት ሲያስገባ የስፓኒሽና የጥቁር አሜሪካውያን ጣቢያዎች ናሙናው የእኛን አድማጭ ያሳንሳል ብለው ተቃወሙ፣ የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም ክስ መሠረተ። ጠቡ የስታቲስቲክስ ይምሰል እንጂ የገቢ ጠብ ነበር፤ ማስታወቂያ ሰጪ የሚከፍለው ለተቆጠረ ጆሮ ነውና። በዋሽንግተን የአየር ሰዓት ለየቋንቋው በሚሸጥ ጣቢያ ላይ የአማርኛ ፕሮግራም የሚያቀርቡ ኢትዮጵያውያንም ጎንዛሌዝ በሄደበት መንገድ የሚሄዱ ናቸው።

ወደ ድሬዳዋ ሲመለሱ ልዩነቱ ጉልህ ነው። ስፓኒሽ በአሜሪካ የራሱ ሞገድ ያገኘው በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩት ሰዎች ከ40 ሚሊዮን በላይ ስለሆኑ ነው፤ የድሬዳዋ ገበያ ግን ለሦስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ቋንቋ ራሱን የቻለ የንግድ ጣቢያ ለማቆም ይከብደዋል። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ማስታወቂያውን በሦስቱም ቋንቋ ላሠራ ቢል የትርጉሙ፣ የድምፁና የአየር ሰዓቱ ወጪ ሦስት እጥፍ ይሆንበታል፤ ስለዚህ አንዱን ይመርጣል፣ ብዙውን ጊዜም ሁሉም ይሰማዋል ብሎ የሚያስበውን አማርኛ። ከዚህ የተነሳ ብዙ የሚሸምት ሰው የሚናገረው ቋንቋ ጥቂት ማስታወቂያ ሊያገኝ ይችላል። በከተማዋ «ታይዋን» በሚባለው ገበያ የሚሠራ ነጋዴም ዕቃ መግባቱን በስልክና በሰው ወሬ አዳርሶ፣ ለታመነ ደንበኛ በዱቤ ሰጥቶ የሚያድር ከሆነ ሬዲዮን እንደ ትርፍ ወጪ ቢያይ አይፈረድበትም። ጥሩ የሚሸጠው የቀኑ ክፍልም ከአዲስ አበባ ይለያል፤ በሙቀቱ ምክንያት ከቀትር በኋላ ሰው በየቤቱ በሚሰበሰብበትና በርጫ በሚሞቅበት ሰዓት፣ ማለትም ጫት በጋራ በሚቃምበት ጊዜ፣ ለረጅም ሰዓት ከሬዲዮ አጠገብ የሚቀመጥ አድማጭ አለ። የቋንቋዎቹ ድርሻ ሲደለደል ይህን ሰዓት የትኛው አገኘ ብሎ መጠየቅ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት አገኘ ከማለት የበለጠ ይገልጣል።

በማስታወቂያ ፈጽሞ የማይሸፈን ሰዓትም አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል ውኃው የመጣው በደጋው ላይ ከጣለ ዝናብ ነበር። በከተማዋ ሰማይ ላይ ደመና ባይታይ እንኳ ከላይ የሚወርድ ጎርፍ ሰው ሳያስበው ስለሚደርስ ወንዙ ዳር ላለው ነዋሪ ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው በደቂቃዎች ውስጥ፣ በሚገባው ቋንቋ ከደረሰው ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ጣቢያው የማንንም የተከፈለበት ሰዓት አቋርጦ በሦስቱም ቋንቋ ማንበብ የሚችል ሰው በሌሊት ተረኛ አድርጎ ማቆየት አለበት፤ የዚያ ተረኛ ደመወዝ ደግሞ የሚከፈለው ከአስተዳደሩ በጀት ነው።